ብርቱካናማው ጃኬት

«ምን ለብሰው ነው የወጡት?» ሲል ጠየቃት ራይቪስ፣ የፈላጊዎቹ አለቃ።

«ብርቱካናማ ጃኬት» አለች ሳርማ። «ደማቅ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁላት። ከሩቅ ይታያል።»

«እሰይ! ሌላው ሰው ግራጫውን ለብሶ ይገባና ከግንዱ መለየት ያቅተናል። ብርቱካናማ ከሆነማ ሳይመሽ እናገኛቸዋለን» አለና ወደ በጎ ፈቃደኞቹ ዞሮ ጮኸ። «ስሙ! የምንፈልገው ብርቱካናማ ነው! ብርቱካናማ!»

ሳርማ በዚያች ቅጽበት፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ኩራት ተሰማት። እናቷ ጠፍታ እሷ በገዛችው ጃኬት ኮራች። ሰው በጭንቅ ሰዓት እንኳ «ልክ ነበርኩ» ማለት ይወዳል።

እናቷ ቬልታ ጎህ ሲቀድ ቅርጫቷን አንጠልጥላ እንጉዳይ ለቀማ እንደወጣች ናት። እንደ ልማዷ ለቁርስ መመለስ ነበረባት። አሁን ፀሐይዋ ከጥዶቹ ጫፍ ልትወርድ ምንም አልቀራት። ስልኳ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ቻርጅ እንደተሰካ ተቀምጧል። ወሩ መስከረም ነው፤ በፑርቫሌ የመስከረም ቀን ሰው ያሞቃል፣ ሌሊቱ ግን የባልዲ ውኃ ያረጋል። ሳርማ ሪጋ ውስጥ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ፣ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ደጅ ካደረች ብርድ ምን እንደሚያደርጋት ጠንቅቃ ታውቃለች። ባታውቅ ይሻላት ነበር።

ጫካው የሚጀምረው ከጓሮው አጥር ማዶ ነው፤ የሚያልቅበትን ግን በእግሩ ሄዶ ያየ የለም። ፑርቫሌ ማለት አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያና ይህ ሁሉ ዛፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው የበረዶ ወራት ነው። ሳርማ ለእናቷ እንጨት ልትፈልጥ መጥታ ሳለ አንድ አዳኝ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ ቬልታ» አለ፣ «ዛሬ ከረግረጉ ዳር ጎንበስ ብለው ነበር። በዚያ ግራጫ ካፖርትዎ የዱር አሳማ መስለውኝ ጣቴ ምላጩ ላይ ደርሶ ነበር። ማታ እንቅልፍ እንዳይነሳኝ ልናዘዝልዎት ነው የመጣሁት።»

ቬልታ ሻይ ቀዳችለት። «ምነው ልጄ» አለችው፣ «ያን ያህል ወፍሬያለሁ እንዴ?»

አዳኙ ሳቀ፤ ሳርማ ግን አልሳቀችም። በረዶው ቀልጦ ሰዉ የበርች ዛፉን እየበሳ ውኃውን በባልዲ የሚቀዳበት ወቅት ሲደርስ፣ ያንን ብርቱካናማ ጃኬት ገዝታ ይዛ መጣች።

እናቷ ጃኬቱን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችው። «የመንገድ ሠራተኛ ልታደርጊኝ ነው?»

«በሕይወት ላቆይሽ ነው።»

«ወፉ ሁሉ ይደነግጣል እኮ።» ቬልታ ጃኬቱን ገለጥ አድርጋ የውስጡን ገበር ዳሰሰችው። የረገፈ ቅጠል የመሰለ ቡናማ ነበር። «ገበሩስ ደህና ነው፤ ሰው የመሰለ ቀለም አለው» አለችና በር ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ ወደ በርቾቹ ወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ቢባልም፣ የፑርቫሌ ባልቴትና ካፖርቷም ከዚያ አይተናነሱም።

በበጋ ደግሞ ሰማያዊዋን የጫካ ፍሬ ሲለቅሙ ነው የተኮራረፉት። ሁለቱም አጎንብሰው እየለቀሙ ሄደው ሄደው፣ ቀና ሲሉ አንድ የተሰነጠቀ ጥድ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። አለፉት። ጥቂት ቆይተው እንደገና ያው የተሰነጠቀ ጥድ መጣባቸው። ቬልታ ቆመች። «አሳቹ ያዘን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ መንገደኛን እያዞረ የሚያጠፋውን የጫካ መንፈስ ማለቷ ነው። ሻሿን ፈታች፣ ገልብጣ አሰረችው፤ ሽርጧንም ገለበጠችው። «ሸሚዝሽን ገልብጪ።»

«እማዬ በናትሽ! ስልኬ ካርታ አለው።»

«ስልክሽ የት እንዳለሽ ይነግርሽ ይሆናል። ማን እየመራሽ እንደሆነ ግን አይነግርሽም። ገልብጪ አልኩሽ።»

ሳርማ አልገለበጠችም። ስልኳን አውጥታ እየቀደመች ሄደች፤ መንገዱም ተገኘ። ቬልታ ቤት እስኪደርሱ ቃል አልተነፈሰችም። በሩ ላይ ግን ሽርጧን ወደ ትክክሉ እየመለሰች «ያወጣን የኔ ሻሽ ነው» አለች። ሳርማ ሳቀች። 

ትናንት፣ ዓርብ ማታ፣ ከሪጋ ስትደርስ እናቷ ባልተለመደ ደስታ ተቀበለቻት። ጥቁሩን ዳቦ ቆርሳ፣ የተጨሰውን ስብ አቅርባ፣ ድንች በእንጉዳይ ሠርታ ጠበቀቻት። «ነገ አብረን እንወጣለን» አለች። «ቦታዬን ላሳይሽ።»

ይህ በፑርቫሌ ቀላል ቃል አይደለም። እዚህ የእንጉዳይ ቦታ ይወረሳል እንጂ አይወራም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ የፑርቫሌ እንጉዳይ ለቃሚ እናት ግን ሌባ ሳትሆንም አታምንም። ቬልታ ከእናቷ ያገኘችውን ቦታ እንኳን ለጎረቤት ለባሏም ሳትናገር ነው ባሏን የቀበረችው።

ሳርማ ግን ቃሉን አልሰማችውም። በመንገድ ስታሰላስለው የመጣችውን አፏ ላይ ይዛ ነበር። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሪጋ ክፍል አግኝቼልሻለሁ። ከቤቴ አጠገብ ነው። በረዶው ሳይወርድ ትገቢያለሽ። እዚህ ብቻሽን መኖር አበቃ።»

ቬልታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አበቃ አልሽ?»

«ትናንት ያደረግሽውን ዛሬ የማታስታውሺ ሆነሻል። ምድጃ ላይ ድስት ጥለሽ ትወጫለሽ። አንድ ቀን ጫካ ገብተሽ ትቀሪያለሽ።»

 ጠዋት ሳርማ ስትነቃ ቤቱ ባዶ ነው፤ ቅርጫቱ የለም፣ በር ኋላ ያለው ሚስማርም ባዶ ነው። ግራጫው ካፖርት ግን በቦታው አለ። ጃኬቱን ለብሳለች! ሳርማ ደስ አላት፤ የዕርቅ ምልክት ነው ብላ ቡናዋን አፍልታ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። እናቷ በቀረች ጊዜ ደግሞ፣ የእንጉዳይ ቦታው የት እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ እንደነበረች፣ እሷም የጠፋችው ራሷ እንደሆነች ገባት።

ራይቪስ ሰዎቹን በመስመር አሰልፎ ወደ ጫካው ሊያስገባ ሲል ነው ኤቫልድስ የመጣው። ኤቫልድስ የአጥር ጎረቤት ነው፤ ንብ አርቢ፣ ባለ ረጅም እግርና ባለ አጭር አንደበት ሽማግሌ። ከሰልፉ ዳር ቆሞ ቦቱን በዱላው ይጠርጋል። የፀዳውን ቦት ደግሞ ይጠርገዋል።

«አጎቴ» አለችው ሳርማ፣ «ምነው? የምትለው አለህ?»

«እኔ ምን አውቄ። ግን... ግን እኔ ብሆን በአሮጌው የግንድ መኪና መንገድ ነው የምጀምረው። ከቦዩ በዚህ በኩል።»

«ለምን እዚያ?»

«እንዲያው።»

«አጎቴ! እናቴ ናት የጠፋችው!»

ሽማግሌው ጆሮው ቀላ። ሰዎቹ ሁሉ እያዩት ነው። «ቦታዋ እዚያ ነው» አለ በመጨረሻ። «እከተላት ነበር። ከረጅም ዘመን ጀምሮ። እሷ ከወጣች በኋላ እየገባሁ የተረፈውን እለቅማለሁ። በሉ አሁን ፍረዱብኝ።»

ከሰልፉ አንድ ሰው «አንተ ጉድ!» አለ። ሌላዋ ሴት ፊቷን አዞረችበት። ሰው እየሞተ ይሆናል፤ ፑርቫሌ ግን በእንጉዳይ ሌባ ፊቷን ለማዞር ጊዜ አታጣም። ሳርማ ግን እጁን ይዛ «ምራኝ» አለችው።

ስፍራው ደረሱ። ለስላሳ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት የለበሰው መሬት ላይ በቢላ የተቆረጡ ትኩስ የእንጉዳይ እግሮች አገኙ። «የሷ አቆራረጥ ነው» አለ ኤቫልድስ ተንበርክኮ። «ዛሬ ነበረች።» ሳርማ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። «ቬልታ!» አሉ ሌሎቹ። ፊሽካው ተነፋ። መልስ የሰጠው አጋዘን ብቻ ነበር፤ በዚህ ወቅት ወንዶቹ አጋዘኖች ሲያገሱ ሆድ ያርዳሉ። ከረግረጉ ጉም እየተነሳ ስለነበረ ድሮኗን ያመጣው ልጅ አንገቱን ነቀነቀ፤ ከላይ ነጭ ጥጥ እንጂ ሌላ አይታይም።

መስመሩ የረግረጉን ውኃ ከሚያወርደው ቦይ ወዲህ ባለው ጥድ ውስጥ እየጮኸ አለፈ። ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ ብርቱካናማ ይፈልጋል። ደርቆ የቀላ የፈርን ቅጠል ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ አንዴም ሳርማ ሮጣ ሄዳ ያገኘችው ብርቱካናማ የአዳኝ ጥይት ቀለሃ ነበር። ቦዩ ጋ ስትደርስ፣ ከውኃው ማዶ፣ ከወደቀ ጥድ ሥር አንድ ቡናማ ነገር ተጨማዶ አየች። አሮጌ ብርድ ልብስ። መኪና መንገዱ ቅርብ ስለሆነ እየመጡ የሚጥሉ አሉ። «እነዚህ ባለጌዎች! ቆሻሻቸውን እዚህ ድረስ አምጥተው ይጥላሉ!» አለች ንዴቷን የምትወጣበት ስታገኝ። ከዚያ ፊቷን አዙራ «እማዬ!» እያለች ሄደች።

ሲጨልም ራይቪስ ሰዉን አስወጣ። ቦይና ረግረግ ባለበት ጫካ በጨለማ ፈላጊውም ይጠፋል አለ፤ ልክ ነበር፤ ሳርማ ግን ጠላችው። ያንን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈችው አለመጠየቅ ነው። ሲነጋ ሣሩ ሁሉ ነጭ አመዳይ ለብሶ ነበር። እሷም መብራት ሳታበራ እጇ ያገኘውን ሁሉ ደራርባ ወጣች።

ፈላጊዎቹ አጥሩ ጋ ተሰብስበዋል። ከትናንቱ ይበልጣሉ፤ ግን ድምፃቸው ከትናንቱ ያነሰ ነው፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ራይቪስ «ዛሬ ከቦዩ ወደ ምሥራቅ እንሄዳለን። ብርቱካናማ...» ሲል ድምፁ ትንሽ ሰለለ። ሳርማ ሰማችው። ዛሬ የሚፈልጉት ሰው እንዳልሆነ ገባት፤ ሬሳ ነው። ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ እኔ ነኝ፤ ዓርብ ማታ ቦታዬን ላሳይሽ ስትለኝ እሺ ብል ኖሮ፣ እያለች ራሷን ትበላለች።

ኤቫልድስ ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ሰጣት። ትኩር ብሎ አያት። «ልጄ፣ ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው። ዛሬ ዱላ ይጠብቅሻል።»

እዚያ አገር ልብሱን ሳያውቅ ገልብጦ የለበሰ ይመታል ይባላል፤ የሕፃን ቀልድ ነው። ሽማግሌው ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። ሳርማ ወደ ደረቷ ጎንበስ አለች። ስፌቱ ወደ ውጭ ነው፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። ሻዩ ከእጇ ወደቀ።

«አጎቴ» አለች። «ሰው ጫካ ውስጥ መንገድ ሲጠፋበት ምን ያደርጋል?»

«ይጮኻላ።»

«ከዚያስ? አሳቹ ሲይዘው?»

«ልብሱን ይገለብ...» ኤቫልድስ አልጨረሰውም።  አጠገባቸው የቆመችው ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እዚያ ከቆሙት ውስጥ በልጅነቱ ጫካ ውስጥ ሸሚዙን ያልገለበጠ አንድም አልነበረም፤ ራይቪስንም አያቱ ሸሚዙን አስገልብጣዋለች። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም ግን ብርቱካናማ ሲፈልጉ ዋሉ።

«ገበሩ ምን ዓይነት ነው?» አለ ራይቪስ። «ሳርማ! ገበሩ ምን ዓይነት ነው?»

እሷ ግን የለችም። «ቡናማ!» እያለች አጥሩን ዘልላ እየሮጠች ነበር። ገበሩ ምን እንደሚመስልም የት እንዳየችውም ታውቃለች። የረገፈ ቅጠል የመሰለ ቡናማ። ከወደቀው ጥድ ሥር። ቆሻሻ ብላ የሰደበችው።

ቅርንጫፉ ፊቷን ይገርፋታል፤ ኤቫልድስ ያለው ዱላ ይኸው መጣ። ከኋላዋ ራይቪስ «ቡናማ! ቡናማ ነው!» እያለ ይጮኻል። ቦዩ ጋ ስትደርስ መሻገሪያ አልፈለገችም፤ ገባችበት። ውኃው ወገቧ ድረስ ደረሰ፤ ቅዝቃዜው ትንፋሿን ነጠቃት። በጭቃው ዳገት በእጇ እየቧጠጠች ወጣች።

ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም። አመዳይ ወርዶበታል። ሳርማ ተንበርክካ ጫፉን ስትገልጥ ብርቱካናማው ከውስጥ ብቅ አለ፤ ከዚያ የእናቷ ፊት። ዓይኗ ተከድኗል፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። ሳርማ ጣቷን አንገቷ ላይ አኖረች።  አነሳችው፣ መልሳ አኖረችው። ትርታ አለ። ቀጭን፣ ግን አለ።

«እዚህ ናት! በሕይወት አለች! እዚህ!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷም ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

ቬልታ ዓይኗን ገለጠች። ድምፅ የላትም፤ ሳርማ ጆሮዋን ከአፏ አስጠጋች።

«ዳሌዬ... ቦዩ ላይ ወደቅሁ።»

«አትናገሪ እማዬ። እየመጡ ነው።»

«ጉም ነበር። ከቦታዬ ወጥቼ መንገዱን አጣሁት። ሦስት ጊዜ ዞሬ እዚያው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ቦታ እኔ ልሳሳት? አሳቹ ነው እንጂ።» ዓይኗ የልጇን ዓይን አጥብቆ ያዘ፤ ልመና ነበረበት። «አይደለም?»

ሳርማ የዓርብ ማታውን ቃሏን አሰበች። ያደረግሽውን የማታስታውሺ። «አሳቹ ነው እማዬ» አለች። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ቬልታ ከዚያ፣ «ትናንት አይቼሻለሁ» አለች። «ከዚያ ማዶ ቆመሽ ነበር። ጠራሁሽ፤ ድምፄ አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ስጮኽ ውዬ አልቆ ነበር። ቆሻሻ ይጥላሉ ብለሽ ተቆጣሽ። ሳርማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አልኩሽ። ሄድሽ።»

ሳርማ እናቷን በእርጥብ ገላዋ ማቀፍ እንደማይገባት ስለምታውቅ እጇን ብቻ ይዛ፣ ግንባሯን እጇ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ ግን ለዚያ ነገር ትንሽ ሆነባት።

ሰዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ቦዩን ተሻገሩ። ራይቪስ ደረቅ ብርድ ልብስ ደረበላት። ኤቫልድስ በጫፉ በኩል ቃሬዛውን አነሳ። ቬልታ አየችው፤ ከዚያ የተቆረጡትን እንጉዳዮች በቅርጫቷ አየች፤ ከዚያ እንደገና እሱን። «አንተ» አለች በዚያ ትንፋሽ ብቻ በቀረ ድምጿ፣ «የምመጣበትን ቀን እየጠበቅህ ትገባ የነበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ቬልታ።»

«ገምቼ ነበር። አቆራረጥህ የባለጌ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ከትናንት ጀምሮ የሳቀ አልነበረም። ራይቪስ ጃኬቷን አውልቆላት ወደ ትክክሉ ሊመልሰው ሲል ቬልታ ክንዱን ያዘችው። «ከጫካ ሳንወጣ እንዳትነካው» አለችው። አልነካውም። ቃሬዛው ሲነሳ ዓይኗ ከሳርማ ፊት ወደ ደረቷ ወረደ። ጭቃ የጠጣውን ሹራብ፣ የተንጠለጠለውን ክር፣ ወደ ውጭ የዞረውን ስፌት አየች። ፊቷ ቀስ ብሎ በራ።

«ገለበጥሽው» አለች።

ሳርማ አፏን ከፈተች። በጨለማ ለብሼው ነው ልትል ነበር። «አዎ እማዬ» አለች።

«ለዚህ ነዋ ያገኘሽኝ።»

«አዎ። ለዚህ ነው።»

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሐኪሙ ወጥቶ «ትድናለች» እስኪል ድረስ ሳርማ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ደረቅ ሱሪ አውሰዋት ለብሳለች፤ ሹራቡን ግን አላወለቀችም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ በአጠገቧ ስታልፍ ቆም አለች። «ይቅርታ እህቴ፣ ሹራብዎን ገልብጠው ነው የለበሱት።»

«አውቃለሁ» አለች ሳርማ።